ሚስ ዶሮቲን ይዤ ቪየና

አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ስጀምር የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ባለችው ኒው ሆፕ ነበር፣ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ። ዘመኑ በፈረንጆቹ የሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ሰው የሚነሣው በብብቱ ሳይሆን በወገብ ቀበቶ ተይዞ እንደሆነ አሳየችኝ፣ የዊልቸሩን ፍሬን በሁለቱም በኩል አስያዘችኝና ሄደች።

ዊልቸሩ ላይ የተቀመጡት አሮጊት፣ ሚስ ዶሮቲ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ጉልበት አለሽ?"

"አራት ልጅ አዝዬ አሳድጌያለሁ።"

"እኔ ግን አልታዘልም" አሉ። ተስማማን።

አራት ዓመት አጠብኳቸው፣ አበላኋቸው፣ ተጨቃጨቅን። አንድ ቀን "ፓስፖርት አለሽ?" አሉኝ። እናታቸው የቪየና ሰው ነበሩ። ሚስ ዶሮቲ እናታቸው ክርስትና የተነሡባትን ቤተ ክርስቲያን ሳያዩ መሞት አልፈለጉም።

እኔ አውሮፓን የማውቀው ስደተኛ ሆኜ ሳልፍ፣ በኤርፖርት መስኮት ነው። ልጎበኝ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር! ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ዘርግፌ አስገባሁ። የልጅ ልጄ "እማማ፣ ሪላክስ" አለችኝ። "ራስሽ ሪላክስ አድርጊ" አልኳት።

ቪየና ቤቱ ሁሉ ቤተ መንግሥት ይመስላል። ጣራው ጥግ ሁሉ የድንጋይ ሰው ቆሟል።

"ሚስ ዶሮቲ፣ ይዩ! የጋሪው ፈረስ ጆሮው ላይ ኮፍያ አድርጓል!"

"አትጩሂ፣ አያለሁ!" እሳቸውም ይጮኻሉ።

ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ስንደርስ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር በአውቶቡስ የሚያዞረን አስጎብኚ በሩ ላይ ቆመ። "ደረጃ አለው። እሳቸው እዚሁ ይጠብቁ፣ ፎቶ እናሳያቸዋለን። ነገ ጠዋት ከተማውን እንለቃለን፣ ጊዜ የለም።"

"ፎቶማ ሚኒያፖሊስም ይታያል።"

"ሌሎቹን እናዘገያለን።"

"ሌሎቹ ሱቅ ሲገቡ እሳቸው ጠብቀዋል። አሁን ተራው የእሳቸው ነው።"

"ተይው" አሉኝ ሚስ ዶሮቲ በቀጭን ድምፅ። በአራት ዓመት እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ያ ድምፅ አናደደኝ።

"የሴቶቹ በር የት ነው?" አልኩት።

"የሴቶች በር የሚባል የለም።"

አላመንኩትም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት በደቡብ በር ነው የምትገባው። ዊልቸሩን አስወርጄ በደቡብ በኩል ዞርኩ። አንዲት ሴትዮ ባልዲ ይዘው ወለል ይወለውላሉ፤ በሩ ከመሬት እኩል ነው! በቋንቋ አልተግባባንም። ዊልቸሩን በእጄ አሳየኋቸው፤ ባልዲውን ገፋ አድርገው በሩን በሰፊው ከፈቱልን።

ደፉ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ከዚያ የሚስ ዶሮቲንም።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም።"

"እኔ እኮ አልራመድም!"

"ቢሆንም።"

የማጥመቂያው ገንዳ አጠገብ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ቀበቶውን አጠበቅሁ፣ እስከ ሦስት ቆጥሬ አነሣኋቸው። በባዶ እግራቸው ድንጋዩ ላይ ቆሙ። ገንዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው "እማዬ ሲያጠምቋት እዚህ ጋ ነው ያለቀሰችው" አሉና ሳቁ። አስጎብኚው ሰዎቹን አስከትሎ በፊት በር ሲገባ እኛ ቀድመናል። እልል አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

የሴቶች በር እንዳልነበረ በኋላ ገባኝ፤ የጽዳት ሠራተኞች በር ኖሯል። ዊልቸር የምትገፉ ሁሉ፣ ደረጃ አለ ሲሏችሁ ሕንፃውን ዙሩት፣ የሚያጸዳውን ሰው ጠይቁ። አንዳንዴ ሌላ በር የለም። ዞራችሁ ሳታዩ ግን ሰው አውቶቡስ ውስጥ ትታችሁ አትግቡ።