መብራቱ አልነበረም

ጭሮ ውስጥ ባለ አንድ የእናቶች ሕክምና ማዕከል የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ሁለት ወር ያህል ሰው ሁሉ እያመነኝ ያልሆነ ነገር ስናገር ኖሬያለሁ። የላቦራቶሪው ሲስተም ደርቆ በቆመ ቁጥር "መብራቱ ነው" እል ነበር። በከተማችን መብራት መዋዠቁ የታወቀ ስለሆነ ማንም አልተከራከረኝም።

ሰርቨራችን አንድ ብቻ ነበር። ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ጭነንበት አንዱን ማሽን እንደ ሦስት እንጠቀምበታለን፤ አንዱ ለካርድ ክፍል፣ አንዱ ለመድኃኒት ቤት፣ አንዱ ለላቦራቶሪ። ሦስቱም በማሽኑ ላይ እንግዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን ቤቱ የብቻው ይመስለዋል። ሜሞሪው ስላልበቃን ለላቦራቶሪው እንግዳ ማንም ሊጠቀምበት ከሚችል ነፃ ኮድ ላይ ቆራርጬ ትንሽ ከርነል፣ ማለትም ሌላውን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ የሲስተም እምብርት፣ ሠራሁለት። የምርመራ መሣሪያዎቹ ውጤት ሲልኩ ሃይፐርቫይዘሩ ኢንተራፕት ይሰጠዋል፤ ማለትም "የያዝከውን ተውና ይህን እይ" ብሎ ይጠራዋል። ያንን ጥሪ የሚቀበለውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮርቼበትም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከመቻራ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት መጣች። መንገዱ አንገላቷታል፣ ደምም ፈሷታል። ሐኪሙ ወደ ቀዶ ጥገና ሊያስገባት የደም ምርመራዋን ይጠብቃል። ውጤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ወጥቷል፤ በሐኪሙ ስክሪን ላይ ግን የለም። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ስድሳ ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰው፣ ጥቂት ጠብቀው ሲያቅታቸው ውጤቱን በወረቀት ጽፈው ደረጃውን በሩጫ ወጡ። እናትየዋም ልጇም ተረፉ።

ሲመለሱ ላባቸውን እየጠረጉ በሬ ላይ ቆሙ።

"አቦ፣ ዛሬም መብራቱ ነው?"

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ብልጭ እንኳ አላለም።

"አላውቅም" አልኳቸው። "ልየው።"

"እይው እህቴ። የኔ ጉልበት ከእንግዲህ ለሩጫ አይሆንም።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ሲስተሙ ሲቆም እየተቻኮልኩ ሪስታርት አደርገው ነበር፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ያን ቀን ግን የላቦራቶሪ ሠራተኞቹ ውጤቶቹን በወረቀት ለሐኪሞቹ እንዲያደርሱ ለምኜ፣ እንደቆመ መረመርኩት።

ሃይፐርቫይዘሩና እንግዳው በጋራ የሚያዩት ትንሽ የሜሞሪ ቦታ አለ። እዚያ ላይ "ጥሪ አለህ" የሚል አንድ ምልክትና ማን እንደጠራ የሚያሳይ ዝርዝር ይቀመጣል። ዝርዝሩ ላይ የደም መመርመሪያው ጥሪ አለ። ምልክቱ ግን ወርዷል። ሃይፐርቫይዘሩ ጠርቷል፤ የኔ ከርነል ደግሞ ሥራ የለም ብሎ ተኝቷል።

ኮዴን ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩት። ከርነሉ ዝርዝሩን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር ምልክቱን የሚያወርደው። በሁለቱ መካከል ባለችው ቅጽበት አዲስ ጥሪ ከገባ፣ የአዲሱንም ምልክት አብሮ ያወርደዋል። ሃይፐርቫይዘሩ በበኩሉ ጥሪው ዝርዝሩ ላይ ስላለ ተነግሮታል ብሎ ድጋሚ አይጠራም። ረፋድ ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ መሣሪያዎቹ ሁሉ የሚጣደፉት ያኔ ነው። መጀመሪያ ምልክቱን ማውረድ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ማየት ነበረብኝ። ሁለቱን መስመሮች አቀያየርኳቸው።

ማመን ፈራሁ። በትርፍ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱንም ከርነሎች አስነስቼ የሐሰት ጥሪ አዘነብኩባቸው። የድሮው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ደረቀ። አዲሱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሠራ ዋለ፤ ያኔ ላቦራቶሪው ላይ ጫንኩት። ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ያኔ ታወቀኝ።

ኃላፊው ሊወጡ ጃኬታቸውን ሲለብሱ ደረስኩባቸው።

"መብራቱ አልነበረም። የኔ ስህተት ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ።"

ወደ እኔ ዞሩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ተገኘ?" አሉኝ።

"ተገኘ። ተስተካክሏል።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና አንዱን እጅጌ ሳያጠልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "እኔ ግን በመብራቱ ሰዎች ላይ ያወረድኩትን እርግማን ሁሉ ምን ላድርገው?"

ሳቄ አመለጠኝ፤ እየሳቅሁም እንባዬ መጣ። እሳቸው እንባውን እንዳላዩ ሆነው ጃኬታቸውን ለብሰው ጨረሱ።

በማግስቱ ለሁሉም ተናገርኩ። ሐኪሙ "ወረቀቱንም አንተወው" ከማለት በቀር ምንም አላለኝም፤ እውነቱን ነው፣ አልተውነውም።

ቅዳሜ ሚኤሶ እህቴ ዘንድ ወረድኩ። የጭነት መኪናዎቹ በደጇ እየጮኹ ሲያልፉ፣ በዚያ ሙቀት፣ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ ዝንብ እንዳይነካኝ ብላ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣል አድርጋብኝ ነበር።