የአውራሪሷ አሥራ አምስት ወር

አውራሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁ ቀን አካፋዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከአሥር ኩንታል በላይ የምትመዝን ሴት ጥቁር አውራሪስ ከብረቱ ማዶ ቆማ፣ በሾጣጣው የላይኛ ከንፈሯ ከቅርንጫፍ ላይ አንዲት ቅጠል መርጣ ትቀነጥባለች። ያን የሚያህል ፍጥረት ቅጠል ያማርጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። የተቀጠርኩት ግን እንድደነቅ አልነበረም፤ አትላንታ ውስጥ ባለ አንድ መካነ እንስሳት ፋንድያ እንድዝቅ ነበር። በፈረንጆቹ 2010ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በዲቪ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ።

አውራሪሷን ከሌላ ከተማ ያመጧት ለጋብቻ ነው። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን እንጋባለን ብለን እንኮራለን። እነዚህ ደግሞ በየመካነ እንስሳቱ ያሉትን አውራሪሶች የዘር ሐረግ በመዝገብ ይዘው፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር ቢገናኝ እንደሚሻል ቆጥረው ነው ሙሽራዋን በከባድ መኪና የሚልኳት። ጥቁር አውራሪስ ከምድረ ገጽ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ዘር ነውና እያንዳንዱ ግልገል ይፈለጋል። እሷም ፀነሰች። ያለፈው ፅንሷ ሳይወለድ ሞቶባት ስለነበር ሁላችንም በስጋት ነበር የምንሠራው።

አለቃዬ ፀጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት ነበረች። የእንስሳት ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ፅንሱን ሲያይ አለቃዬ ከፊት ቆማ አውራሪሷን ፖም ታጎርሳታለች። ማደንዘዣ የለ፣ ገመድ የለ፤ ያቺ ቀንዳም እመቤት ፖሟን እያላመጠች ዝም ብላ ትቆማለች። የፅንሱን የልብ ትርታ በስክሪኑ ላይ ያየሁ ቀን እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ጠዋት ጋጣው ውስጥ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። አለቃዬ ስትመጣ «እንዴት አደረች?» ትለኛለች። «ደህና ናት» እላለሁ። እርጉዝ እንዴት ናት ተብሎ ሲጠየቅ ሌላ ምን ይባላል? ክፉውን በአፍ መጥራት ማሟረት ነው ተብሎ ነው ያደግነው።

በስድስተኛ ወሯ፣ አንድ ጠዋት፣ ድርቆሹ ላይ ደም አየሁ። ጥቂት ጠብታ ነው። ቅርንጫፏንም አልነካችውም። ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። እጄ ግን የለመደውን ሠራ፤ ድርቆሹን በአካፋ ዝቄ ከፋንድያው ጋር ጣልኩት። «እንዴት አደረች?» ስባል «ደህና ናት» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አትላንታ ዳር ክላርክስተን ያለው ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት።

«ደም አይተህ ሪፖርት ሳታደርግ ወጣህ?»

«ታዲያ ላሟርትባት?»

«እኛ ጋ ደም አይቶ ዝም ያለ በዚያው ቀን ፋየር ይደረጋል። አሁኑኑ ኮል አድርግላት።»

ደወልኩ። አለቃዬ አልተቆጣችም። ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ደሙ ቀይ ይሁን ጠቆር ያለ ጠየቀችኝ። ከዚያ «አውራሪሷ እንደሆነ አፍ የላት፤ አንተ ካልነገርከኝ ማን ይነግረኛል?» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ያኔውኑ መጥቶ አያት። ፅንሱ ሊወርድ ዳር ዳር እያለ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርግዝናዋን የሚያጸና መድኃኒት በዳቦ መሃል እየተደረገ ይሰጣት ጀመር። እኔም ያየሁትን ሁሉ መናገር ጀመርኩ፤ ስንት ቅርንጫፍ እንዳስተረፈች ሳይቀር።

በአሥራ አምስተኛ ወሯ አንድ ረፋድ ላይ ወለደች። መቅረብ ስላልተፈቀደ በካሜራ ነው ያየናት። ግራጫ ከረጢት የመሰለ ነገር ድርቆሹ ላይ ዱብ አለና ዝም አለ። እናትየው በአፍንጫዋ ገፋችው። ደገመችው። ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ተነሳ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተነሳ። ጡት ፍለጋ በፊት እግሮቿ መሃል ሲዳክር ቀስ ብላ ዞራ ጎኗን ሰጠችው። ያ ሁሉ ክብደት ግልገሉን ሳይነካው እንዴት እንደዞረ ዛሬም ይገርመኛል። አለቀስኩ፤ ለእንስሳ ማልቀሴም አላሳፈረኝ።

አራስ አውራሪስ ሰው አታስጠጋም። አለቃዬ እንኳ ስትቀርብ ግልገሏን ከኋላዋ ደብቃ ቀንዷን ታነጣጥራለች። በሁለተኛው ሳምንት እኔ ስገባ ግን መጥታ በብረቱ መሃል እጄን ደጋግማ አሸተተች። ከዚያ ግልገሏን ፊቴ ትታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልትበላ ሄደች። አምናኝ ነው። ደሟን ከፋንድያ ጋር የጣልኩት እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።