ልጁ እንዳያለቅስ

ያን ክረምት ደምበጫ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው የመጀመሪያ ልጄና አማቴ። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ሴት ብቻዋን ክረምቱን አትከርምም ብሎ አባቱን ከደብረ ኤልያስ ለምኖ አመጣቸው። እሳቸው የቅኔ መምህር ናቸው። ጉባኤያቸውን ለበላይ ተማሪያቸው አደራ ብለው፣ ጋቢያቸውንና ዳዊታቸውን ይዘው መጡ። የሚያውቃቸው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ ልጃቸው ባለቤቴ ሳይቀር። አባባ ሲላቸው ሰምቼው አላውቅም።

ቤታችን ውስጥ የተገዛ መጫወቻ የሚባል ነገር አልነበረም። ለልጄ ከቅል ስባሪ መኪና፣ ከአሮጌ ካልሲ አሻንጉሊት፣ ከሊጥ ወፍ እሠራለት ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ደጃፋችን ላይ በሚወርደው ጎርፍ የባሕር ዛፍ ቅርፊት እንደ ታንኳ እናንሳፍፋለን። የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩናል። አንድ ቀን ብቻ፣ ልጁን በጀርባዬ አዝዬ በአራት እግሬ እየዳህኩ ሳለሁ፣ ዓይናቸውን ከዳዊታቸው ሳያነሱ "ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት ይባላል" አሉ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ባሉበት ድምፄን ዝቅ አድርጌ መጫወት ጀመርኩ።

ልጁ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው የሽምብራውን ጨዋታ ነበር። ለሽሮ ሽምብራ ስለቅም አጠገቤ ይመጣና ሥራ አያሠራኝም። ስለዚህ ከሰፌዱ አንዲት ፍሬ አንስቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው በአንዱ እጄ እደብቃትና ሁለቱን ጭብጦቼን እዘረጋለታለሁ። "የቱ ጋ ናት?" እለዋለሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየፈለቀቀ ይፈልጋል። ሲያገኛትም ይንከተከታል፣ ባዶ ሲሆንበትም ይንከተከታል።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ተራው የእኔ ነው አለ። በአፉ ባይለውም በእጁ ነገረኝ። አንዲት ፍሬ አነሳና እኔ እንደማደርገው ጀርባውን ሰጠኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዞረና ሁለት ጭብጦቹን ዘረጋልኝ። አንዱን ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። ሌላውንም ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። እግሩ ሥር አየሁ፣ ቀሚሱን አራገፍኩ፣ አፉን አስከፍቼ አየሁ። እሱ ይስቃል። መደበቅ ተማረልኝ ብዬ እኔም ሳቅኩ። "እሺ ተሸንፌያለሁ፣ የት አለች?" ስለው ጣቱን አፍንጫው ላይ አደረገ።

ብድግ አድርጌ ወደ በሩ ብርሃን አወጣሁትና አንገቱን ቀና አደረግሁት። ውስጥ፣ ራቅ ብላ ታየችኝ። አየር በሳበ ቁጥር አብራው ትገባለች። እፍ በል፣ ተናፈጥ እያልኩ አሳየሁት። እሱ ግን መናፈጥ ገና አያውቅም፤ ተናፈጥ ስለው ወደ ውስጥ ይስባል። ይህን ሁለት ጊዜ ካደረገ በኋላ ሽምብራዋ ከዓይኔ ጠፋች።

የኔታ ከመደቡ ተነሥተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ያን ተረታቸውን የሚደግሙት መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ከራስጌያቸው አንሥተው ልጁን ጠቀለሉልኝና "ሐኪም ቤት እንሂድ" ብቻ አሉ።

ዝናቡ እየጣለ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ በሐኪም ፋንታ የሚያክመው ድሬሰር ልጁን ጭኔ ላይ አስቀምጦ በባትሪ አየው። መቆንጠጫውን አነሣ፤ ትንሽ አሰበና መልሶ አስቀመጠው።

"እኔ ብነካው ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ" አለን። "ለዚህ የሚሆን ዕቃ ማርቆስ ሆስፒታል ነው ያለው። ዛሬውኑ ይሂድ፤ ሽምብራ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል።"

ከዚያ ባትሪውን አጥፍቶ ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ነገር ነገረኝ። ልጁ ማልቀስ የለበትም። እየተንሰቀሰቀ አየር ሲስብ ሽምብራዋ ተንሸራታ ወደ መተንፈሻው ብትወርድ፣ መንገድ ላይ ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ምግብም ውሃም እንዳልሰጠው፣ ጡትም እንዳላጠባው አስጠነቀቀኝ። አፍንጫው ታፍኖ ሲጠባ ትን ሊለው ይችላል አለ።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሳይጠባ፣ ደግሞም ሳያለቅስ ከደምበጫ ማርቆስ መድረስ አለበት። የኔታን ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብኩም።

አውቶቡሱ ጠዋት አልፏል። ጎረቤታችን ባለሱቅ ሙስሊም ሴት ነበረች፤ ባሏ እህል ይነግዳል። በሩጫ ስናልፍ አይታን ከሱቋ ወጣች። ነገሩን ስነግራት ወደ መጋዘናቸው ዞረች። እዚያ ወደ ማርቆስ የሚሄድ የጭነት መኪና ጤፍ እየጫነ ነበር። ጫኞቹን አስቆመቻቸው፤ ሾፌሩንም በግማሽ ጭነት ይዘሃቸው ሂድ አለችው። እሱም እሺ አላት። እኛ ጋቢና ስንገባ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ለልጁ በመስኮት አቀበለችውና ቶሎ ፊቷን አዞረች። እንባዋን እንዳያይባት ነው።

ያን መንገድ የማስታውሰው በጨዋታዎቹ ነው። የሚያብለጨልጨውን ወረቀት ቀለበት አድርጌ ጣቱ ላይ አጠለቅሁለት፣ ከዚያ ጽዋ አደረግሁት፣ ከዚያ ወፍ። ጉም የያዘው መስታወት ላይ በጣቴ ላምና ጥጃ ሣልኩ። በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ ብቅ አልኩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ገበያ ሰደድኳቸው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር በአንድ እጄ ጭንቅላቱን እደግፋለሁ፣ በፊቴ እስቃለሁ። ልጅ የእናቱን ፊት ያነባል፤ እኔ ከፈራሁ ይፈራል፤ ከፈራ ያለቅሳል። ጉንጬ በሳቅ ብዛት አመመኝ። ሆዴ ውስጥ ያለውን እግዜር ያውቀዋል።

ሾፌሩ ልጁን ለማስደሰት ብሎ ጥሩንባውን ነፋ። ልጄ ክው አለ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ ፈገግ አለና ድገመው በሚል እጁን ወደ መሪው ዘረጋ። ሾፌሩ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ፤ ደግሞ አልነፋም።

አማኑኤል ከተማ ሳንደርስ አንድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ አገኘን። ሾፌራችን ሞተሩን አጠፋና አካፋውን ይዞ ወረደ። ሞተሩ ሲጠፋ ያዘናጋው የነበረው ድምፅና እንቅስቃሴም አብሮ ቆመ። ልጁ ዓይኑን አሸ። የሚያብለጨልጨውን ወረቀት ስሰጠው ጣለው። ፊቴን በነጠላዬ ስሸፍን አላየኝም። ከዚያ እጁን ደረቴ ውስጥ ከተተና ጡት ፈለገ። እጁን ቀስ ብዬ አወጣሁት። መልሶ ከተተ። እንደገና አወጣሁት። በጣም የገረመው ይመስል ቀና ብሎ አየኝ፤ እስከዚያች ቀን ከልክዬው አላውቅም ነበር። የታችኛው ከንፈሩ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ። ያንን ከንፈር አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለቅሶ ነው።

"የኔታ" አልኩ።

የኔታ እጃቸውን ወደ ጥምጣማቸው ሰደዱ። ጫፉን ይዘው መፍታት ጀመሩ፤ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ነጩ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ተከመረ። በእኛ አገር እንደሳቸው ያለ ሰው በምራቱ ፊት ራሱን አይገልጥም። ዓይኔን ሰበርኩ፣ ግን አይቻለሁ። ራሳቸው ተላጭቷል፤ ከቀኝ ጆሯቸው በላይ ረጅም ጠባሳ አለ። ልጁም አየ። ከንፈሩ እንደወጣ ቀረ።

ጨርቁን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ከጨርቁ ሥር ውሻ ጮኸ።

በልባቸው ያለውን ሁሉ ለቅኔ የሰጡ የሚመስሉኝ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ግን አኮፋዳ አንግበው፣ በየመንደሩ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ እንጀራ የለመኑ ተማሪም ነበሩ። ለማኝ ተማሪ የአገሩን ውሻ ሁሉ በድምፁ ያውቃል። መጀመሪያ ጥርስ የሌለው አሮጌ ውሻ ሆኑ፤ ተኝቶ እንደሚጮህ፣ ለመነሣት የሰነፈ። ቀጥሎ ከእናቱ ኋላ ተደብቆ ድምፁን የሚያቀጥን ቡችላ ሆኑ። ልጁ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ከዚያ በቀስታ፣ ከጨርቁ ሥር፣ "ይሄኛው ደግሞ የባለጸጋው ውሻ ነው፤ ሳይጮህ የሚነክሰው" አሉና ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። ልጁ ከጭኔ ወደ እሳቸው ተንጠራራ። የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ራሱ ገለጠው። የኔታ አፍንጫቸውን አፍንጫው ላይ አድርገው በጣም በዝግታ "ውፍ" አሉት።

ልጄ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ሳቁንም ፈራሁት። ድሬሰሩ ስለ ለቅሶ እንጂ ስለ ሳቅ የነገረኝ ነገር የለም፤ ሲስቅም አየር ይስባል። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሹን አዳመጥኩ። መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ልጁ ጨርቁን መልሶ በየኔታ ራስ ላይ ጣለና ሌላ ውሻ ጠበቀ።

ሾፌሩ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ሲመለስ፣ ራሳቸውን የገለጡ የቅኔ መምህር ጋቢናው ውስጥ ሲጮኹ አገኛቸው። ሞተሩን አስነሣ። አማኑኤልን ካለፍን በኋላ ድፍረት አገኘና እሱም ሊያግዝ ጅብ ሊያስመስል ጉሮሮውን ጠረገ። የኔታ በእጃቸው ምልክት ከለከሉት። ጅብ ልጁን ያስፈራዋል።

ማርቆስ ሊታየን ሲል ልጁ ዝም አለ። አፉን ከፍቶ ክንዴ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ካፍንጫው ደም የነካው ቀጭን ንፍጥ ወረደ፤ ትንፋሹ ፉጨት ነበረው። ሲያለቅስ ብቻ የምፈራ ይመስለኝ ነበር፤ ዝም ሲል የባሰ ፈራሁ። ጣቴን አፉ ፊት አድርጌ ሙቀቱን እጠብቃለሁ። የኔታ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ወዲያው ተቀበሉን። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ነርሷ ታስተረጉምልናለች። ግንባሩ ላይ መስታወት አሰረ፣ ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦ አነሣ፣ ልጁን በአንሶላ ጠቅልሉት አለ። ጭንቅላቱን ያዢው ስትለኝ እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። ነርሷ አየችኝና እግሩን ሰጠችኝ። ጭንቅላቱን የኔታ በሁለት መዳፋቸው ያዙት። ሽቦው ሲገባ ልጁ ነቃ። ብርሃኑን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ መንቀሳቀስ አልቻለም። ያን ሁሉ መንገድ የሸሸነው ለቅሶ መጣ።

ሐኪሙ አላቆመም። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ነገር ብረት ሳህን ላይ ጠብ ሲል ሰማሁ፤ ለቅሶውም ቀጥሏል። ዓይኔን ስገልጥ ሽምብራዋ እጥፍ ሆና አብጣ፣ ቅርፊቷ ተሰንጥቆ ሳህኑ ላይ ተኝታለች። ነርሷ አንሶላውን ፈታችና አጥቢው አለችኝ። ልጄን ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። እየተንሰቀሰቀ ጠባ፤ ከጠዋት ጀምሮ የሚገባውን ለቅሶ ሁሉ አለቀሰ። አልቅስ ልጄ፣ አልቅስ አልኩት።

ውጭ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። የኔታ እዚያ ተቀምጠው ጥምጣሙን ጭናቸው ላይ ይዘውታል፤ ገና አልጠመጠሙትም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በተዘጋ ድምፃቸው፣ ባለቤቴ በልጄ ዕድሜ ሳለ እንዴት ይስቅ እንደነበር እንደማያውቁ ነገሩኝ። ምናልባት ሩቅ አገር ጉባኤ ላይ ኖረው ይሆናል ብዬ ይህንኑ አልኳቸው።

"ኧረ አልነበርኩም" አሉ። "ግድግዳ ነው የሚለየን። ከተማሪዎቹ ጋር ሳለሁ ድምፁ ሲመጣ፣ ዝም አሰኙት እላለሁ።"

ከዚያ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዙረው ጠመጠሙ።

ባለቤቴ ለመስከረም ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሽምብራዋ ሲሰማ እንደ ደነገጠ አባት ነበር የጠየቀኝ፤ ልጁን ወደ ብርሃን ወስዶ አፍንጫውን አየ። ወደ ውሾቹ ስደርስ ግን ቀልድ መሰለው። ደጋግሞ አስነገረኝ፤ የቡችላውን ድምፅም አሰማኝ አለኝ። አፍሬ እንደምንም አሰማሁት። ሳቀ። ቀጥዬ ጥምጣማቸውን እንደፈቱና ጠባሳውን እንዳየሁ ስነግረው ሳቁ ቆመ።

"ጠባሳ? የት?"

በጣቴ ከቀኝ ጆሮው በላይ አሳየሁት። እጁን እዚያው ላይ አድርጎ ቆየ። ራሳቸው ላይ ጠባሳ እንዳለ እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር። ከምን እንዳገኙት ጠየቀኝ፤ እኔም አላውቅም አልኩት።

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ብቻውን ደብረ ኤልያስ ሄደ። እመለሳለሁ ካለበት ቀን አልፎ ቆየ። ሲመጣ ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ ፀሐይ የመታው ነበር። ምን እንዳወሩ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ልጁን ብድግ አድርጎ አንገቱ ላይ አስቀመጠውና ደጅ ይዞት ወጣ።