ሲመለስ ብቻ የሚፈላው ፒካፕ

ጅጅጋ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ፊቴን ልቀቅለው ነበር።

ከድሬዳዋ በአውቶቡስ መጥቼ ሻንጣዬን እንኳ ሳላሳርፍ ወደ ተቀጠርኩበት የእርዳታ መሥሪያ ቤት ግቢ ገባሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አምስት ዓመት መኪና ፈትቻለሁ፤ ከእኔ ወዲያ ሞተር አዋቂ ላሳር ብዬ የማምንበት ዘመን ነበር። የስምሪት ክፍል ኃላፊው አቶ ተፈራ ወረቀቴን አገላብጦ አየና «ሁለተኛ ደረጃ ሜካኒክ፤ ተጠሪነትህ ለእኔ ነው» አለኝ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ አንድ ነጭ ፒካፕ ከአፍንጫው እንፋሎት እየተፋ በበሩ ገባ። «ይኸውልህ ፈተናህ!» አለኝ።

ሮጥኩ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ እጄ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ጨበጥኩ። አንድ ሰው ከኋላዬ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ዞር ስል ጢሙን በሒና ያቀላ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ረጅም ሶማሌ ነው፤ የመኪናው ሾፌር።

«ወንድም፣ ሚስት አለችህ?» አለኝ።

«አለችኝ፤ ምነው?»

«እንግዲያው ፊትህ ያስፈልግሃል። ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ።»

ሻይ ጠጣን። ክዳኑ የተከፈተው በባዶ እጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን ነው። ሾፌሩ ጉሌድ ይባላል። ባገሩ ደንብ «አዴር» አልኩት፤ አጎቴ እንደማለት ነው። አንቱ ስለው ግን ከት ብሎ ሳቀብኝ፤ እሱ አማርኛ የተማረው ገበያ ውስጥ ስለሆነ አለቃም ይሁን ዘበኛ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚለው። እኔም ተውኩት። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን።

ጅጅጋ ራሷ ነፋሻ ከተማ ናት፤ ሞተር አታስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው ቆላ ሲወረድ ነው። አንድ ጊዜ አቶ ተፈራን ይዘን ወደ አፍደም ስንሄድ፣ ድሬዳዋን አልፈን በባቡሩ ሐዲድ አቅጣጫ በአሸዋ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ነበር። ነፋሱ ከኋላችን ስለሚመጣ ራዲያተሩ አየር አጣ። የሙቀት መርፌው ቀዩን ሊነካ ደረሰ። አዴር ጉሌድ ማቀዝቀዣውን አጠፋና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ጋቢናው ውስጥ የገባውን ወላፈን አትጠይቁኝ። አቶ ተፈራ ከረባቱን እየፈታ «ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ልትገድለኝ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ወይ አንተ ትሞቃለህ፣ ወይ ሞተሩ ይሞቃል» አለው አዴር ጉሌድ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «አንተ በእግርህ መሄድ ትችላለህ። እሱ አይችልም።»

መርፌው ቀስ እያለ ወረደ። ማሞቂያ ማለት ትንሽ ራዲያተር ነው፤ የሞተሩን ሙቀት እየቀዳ ወደ ተሳፋሪው ይልከዋል። አቶ ተፈራ አፍደም የገባው በካናቴራና በባዶ እግሩ ነበር። የወረዳው ሰዎች ተሰልፈው ሲጠብቁት «ሾፌሬ ቀቅሎ ነው ያመጣኝ» እያለ ጨበጣቸው።

ሌሎቹንም ነገሮች ከእሱው ተማርኩ። ሞተር ሲግል ቶሎ አታጥፋው፤ አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙረህ ቬንትሌተሩ እንዲነፋለት ትንሽ ተወው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስ፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታት አትጣል። ይኼን የመጨረሻውን በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። በዚያ አገር ብዙ ሜካኒክ «ውሃው ያለ ከልካይ ይዙር» ብሎ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ይጥላል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ከአምስት መኪና ነቅዬ ደረቴን ነፋሁ። የጅጅጋ የጠዋት ብርድ ሲመጣ ሞተሮቹ አልሞቅ አሉ፣ ነዳጅ እንደ ውሃ ይጠጡ ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አምስቱንም ከቆሻሻ ውስጥ ለቅሜ መለስኳቸው።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ። ያ ነጭ ፒካፕ ወደ ሸደር የስደተኞች መጠለያ መስመር ተመደበ። ሾፌሩ አዴር ጉሌድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በማለዳ ሠራተኛ ይዞ ወደ መጠለያ ጣቢያው ይሄዳል፤ ሠራተኞቹ ለሳምንት እዚያው ስለሚቀሩ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ይመለሳል። አንድ ሐሙስ ሲመለስ ፈላ። የቬንትሌተሩን ቺንጊያ አጠበቅሁ፣ ውሃውን ቀየርኩ፣ «አለቀ» አልኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ሲመለስ ፈላ። ራዲያተሩን አውርጄ አጠብኩ፣ ቀዳዳ ፈለግሁ፤ የለም። የውሃ ጎማዎቹን፣ ማኒኮቶዎቹን፣ በአዲስ ለወጥኩ። በሦስተኛው ሐሙስ እንደገና ፈላ። አሁን እልህ ያዘኝ። ቴስታታውን አውርጄ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀየርኩ። ልንገራችሁ፣ አሮጌው ጓርኒሲዮን ምንም አልሆነም ነበር፤ ለማንም ሳላሳይ ደበቅሁት።

የሚያናድደው ደግሞ ግቢ ውስጥ አለመፍላቱ ነው። ፀሐይ ላይ አቁሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁት፤ ወይ ፍንክች! ከከተማው አጠገብ ያለውን የካራማራን አቀበት ሁለት ጊዜ አወጣሁት፤ መርፌው ከመሀል አልነቃነቅ አለ። ሲሄድ አይፈላም፣ ሲመለስ ይፈላል። ዘበኛው «ሸደርን ወዶ፣ ጅጅጋን ጠልቶ ነው» ይለኛል። የቢሮ ጸሐፊዋ «ጂን አለበት፤ ቁርዓን ይቀራበት» ትላለች። ለእነሱ ቀልድ ነው።

ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። አቶ ተፈራ ጠራኝና ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ ተናገረኝ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አቶ በቀለ፣ ኮንትራትህ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ይኼ መኪና አንድ ጊዜ ደግሞ ከፈላ አላድስልህም።» ባለቤቴ የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋ ከድሬዳዋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ቤት ተከራይተናል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ከፍርሃቱ በላይ ደግሞ አፈርኩ፤ አንድ ፒካፕ አሸነፈኝ!

በአራተኛው ሐሙስ «አዴር፣ ዛሬ አብሬህ ነው የምሄደው» አልኩት።

«ደግ» አለ፤ ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም።

በጠዋት ሄድን። ዓይኔን ከመርፌው ላይ ሳልነቅል ሸደር ገባን፤ መርፌው መሀል ላይ ተኝቷል። ሠራተኞቹን አወረድን። አዴር ጉሌድ ለሶላት ሄደ፣ እኔ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ፣ ከጎኑ የቀረበልኝንም ሙዝ አልተውኩም። ስምንት ሰዓት ገደማ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

መኪናው ፊት የለውም።

ማለቴ፣ ፊቱ አይታይም። ከፊት መጋጫው ከፓራውልቱ ፊት ባለው የብረት መከላከያ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በረጠበ ጆንያ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ጄሪካኖች ተደርድረው ታስረዋል። አንዲት ሻሽ የጠመጠሙ ጠንካራ ሴት ጉልበታቸውን ፓራውልቱ ላይ አስደግፈው የመጨረሻውን ገመድ ያጠብቃሉ። የግመል ወተት ነጋዴዋ ኤዶ ሳፊያ ናቸው፤ ኤዶ ማለት አክስቴ ነው።

«አዴር!» አልኩ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ወተት ነው» አለኝ፣ ወተት አይቼ የማላውቅ ይመስል።

«እሱማ ይታየኛል! ለምንድን ነው እዚህ የታሰረው?»

«ነፋስ እንዲያገኘው ነዋ። መኪና ውስጥ ከተጫነ ጅጅጋ ሳይደርስ ይኮመጥጣል። እዚህ ግን ነፋሱ ጆንያውን እየመታ ያበርደዋል።» ከዚያ በኩራት ጨመረ፦ «ለሞተሩም ጥሩ ነው። ነፋሱ ወተቱን ነክቶ፣ ቀዝቅዞ ይገባለታል።»

አበስኩ ገበርኩ! ለራዲያተሩ አንዲት ጣት የምታህል ክፍተት አልቀረችለትም። ሰውን አፍና አፍንጫውን በእጅህ አፍነህ ሩጥ ብትለው ማለት ነው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞተር ስፈታ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለ ተገርሞ። «አንተ የጠየቅኸው ሞተሩን ነው።»

ነገሩን ሲያጫውተኝ፣ ኤዶ ሳፊያ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ወተቱን በአህያ እየላኩ ግማሹ ሲበላሽባቸው አይቶ በዚያው ወር ነው የጀመረው፤ አንድ ሳንቲም አልተቀበላቸውም። ከተማው መግቢያ ላይ እህታቸው ትረከባለች። ግቢ ሲደርስ መኪናው ፊቱን ታጥቦ ንጹሕ ነው።

ክርክር ስላልጠቀመኝ በሥራ አሳየሁት። ከነጄሪካኖቹ ተነሣን። በጥርጊያው መንገድ፣ በፒስታው ላይ ብዙም ሳንሄድ መርፌው መውጣት ጀመረ። ቀዩ ጋ ሲደርስ አቆምን፤ አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙረን ሞተሩን ሳናጠፋ ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ አውርደን ከኋላ ጭነን በሸራ አለበስናቸው። እንደገና ተነሣን። መርፌው ወረደ፣ ወረደና መሀል ላይ ቆመ። አዴር ጉሌድ አፉን ይዞ ቀረ። «ወላሂ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የፈላው በእኔ እጅ ነው።»

ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ግልጽ ነው፤ የግል ዕቃ በመኪና የጫነ ሾፌር ይሰናበታል። አቶ ተፈራ ደግሞ የመፍላቱን ምክንያት በጽሑፍ ይጠብቃል፤ ከጻፍኩ እሱ ይባረራል። ካልጻፍኩ እኔ ያልገባው ሜካኒክ ተብዬ እሄዳለሁ።

«ጻፈው» አለኝ ከተማው መግቢያ ላይ። «እኔ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። አንተ ገና ሕፃን ይዘሃል።»

አንጀቴን በላው።

በማግሥቱ ሪፖርቴን ጻፍኩ፤ «የራዲያተሩ የአየር መግቢያ ተዘግቶ ነበር፤ ተከፍቷል» የምትል አንዲት መስመር። አቶ ተፈራ አነበባት፤ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ደግሞ አነበባት።

«በምን ተዘጋ?»

«በ... ባዕድ ነገር።»

«ባዕድ ነገሩ ስም የለውም?»

አቶ ተፈራ የዋዛ አይደለም፤ አዴር ጉሌድን አስጠራው። ሽማግሌው ገባና ቆመ፤ ቀጥ ብሎ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

«መኪናው ፊት ላይ ምን ነበር?»

«ወተት» አለ። መዋሸት የማያውቅ ሰው እኮ አደጋ ነው።

«የግል ዕቃ? በመሥሪያ ቤቱ መኪና? ደንቡን ታውቃለህ!»

«ደንቡ መኪና ውስጥ አትጫኑ ነው የሚለው። እኔ ውጭ ነው ያሰርኩት።»

አቶ ተፈራ ጠረጴዛውን መታው። «አትቀልድብኝ! ስንት ጄሪካን ነው? የማን የማን ነው? አንድ ሳይቀር በስም ትናገራለህ፣ በቀለ ይጽፋል፤ ባለቤቶቹም ቢሆኑ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከሆኑ አልምራቸውም!»

ብዕሬን አነሣሁ።

«አሥራ አንድ ናቸው» አለ አዴር ጉሌድ፣ ጣቶቹን እያጠፈ። «ስምንቱ የኤዶ ሳፊያ፣ ለገበያ። ሁለቱ የዘበኛው እናት። አንዱ፣ ቀይ ክዳን ያለው...» እዚህ ላይ ቆመና ጢሙን ዳሰሰ። «እሱ ያንተ ነው።»

«የእኔ?»

«ለጨጓራዬ የግመል ወተት ከሸደር አምጣልኝ አላልከኝም? በየሐሙሱ ማታ ከኤዶ ሳፊያ እህት ተቀብዬ ለዘበኛው ትቼልህ እሄዳለሁ።»

አቶ ተፈራ ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። «እኔኮ... ውስጥ አድርገህ የምታመጣው መስሎኝ ነው!» አለ። ያን እንዳለ ደንቡ ትዝ አለው መሰለኝ፣ አፉን ያዘ። እኔ ወለሉን አየሁ። ቀና ብል ሳቄ ያመልጠኛል።

በመጨረሻ «ያን ወረቀት አምጣው» አለኝ። ስሞቹን የጻፍኩበትን ቀዶ ኪሱ ከተተ። አንዲቷን መስመር የያዘችውን ሪፖርት ወሰደና ከሥሯ በራሱ እጅ ጻፈባት፦ «ተስማምቻለሁ። ከመኪናው ኋላ የጄሪካን መያዣ ብረት ይበየድ።» ፈረመባት። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየን «ጉሌድ፣ የእኔን ከጥግ በኩል እሰረው፤ እንዳይናጥ» አለ።

መያዣውን በዚያው ሳምንት በየድኩት፤ በጎን ነፋስ እንዲገባው፣ ከላይ ጥላ እንዲኖረው አድርጌ። ጆንያውን ማርጠብ አልቀረም፤ ወተቱም አልኮመጠጠም። ኮንትራቴ ታደሰ። ፒካፑ በጨረታ እስኪሸጥ ድረስ በሸደር መንገድ ላይ አንድም ቀን አልፈላም።

እናንተ አሁን ኮፈን የምትከፍቱ ልጆች፣ እኔ ሦስት ሳምንት ጤነኛ ሞተር ስፈታ የኖርኩት ጥፋቱን ግቢ ውስጥ ስለፈለግሁት ነው። መኪና ሲፈላባችሁ ቴስታታ ከማውረዳችሁ በፊት ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እሱ በሚሄድበት መንገድ፣ እሱ በሚሄድበት ሰዓት፣ እሱ የሚጭነውን ጭናችሁ ሄዳችሁ ተመለሱ።