ያልተሰማኝ ቃጠሎ

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ለፈተና ሲያጠና መጽሐፉን ሰጠኝና "እማዬ፣ ጠይቂኝ" አለኝ። ምዕራፉ ስለ ቆዳ ነው። ጎበዝ ነው ልጁ፤ ቆዳ ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል፣ በላብ ሙቀታችንን ያስተካክላል፣ የሰውነታችን ውኃ እንዳያልቅ ይይዛል ብሎ አንበለበለው። "አንድ ቀረህ" አልኩት። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አሰበ፤ አልመጣለትም። ልነግረው አፌን ስከፍት ዓይኔ ግራ ክንዴ ላይ አረፈ።

የረሳው ስሜትን ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት በቅጡ አልሞላኝም። ከአገር ቤት መጥቼ ላፍቶ ከታላቅ እህቴ ከብርሃኔ ጋር እኖር ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ በኪራይ ቤቷ ውስጥ የምንውል የምናድረው እኔ፣ እሷና ትንሿ ልጇ ሜላት ነበርን። ሜላት ከእኔ ሌላ ማንም ፀጉሯን እንዲሠራት አትፈቅድም። የምትተኛውም ክንዴን ተንተርሳ ነው።

ጠዋት ጠዋት ለቡ፣ እትዬ ዘነበች ቁርስ ቤት እሠራለሁ። ለቡ ያኔ የአሸዋና የብሎኬት ክምር ነበር፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በበጋ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ደንበኞቻችን ግንበኞችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ፉሉ ላይ ቃሪያና ዘይት በዛ አድርገን ካላቀረብንላቸው ይቆጣሉ።

ግራ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ ዝቅ ብሎ፣ ፈዘዝ ያለ ምልክት የወጣብኝ በዚያው ዓመት ነው። የሳንቲም ያህል የነበረው ቀስ በቀስ ሰፋ። ደረቅ ነው፣ አያሳክክም፣ አያምም። ቋቁቻ ነው ብዬ ሎሚ ቀባሁት። ለነገሩ ቋቁቻ ወይም ጭርት ሳይነካው ያደገ ማን አለ? እኔን በዚያ ዕድሜ ያስለቅሰኝ የነበረው የፊቴ ብጉር ነበር።

በኅዳር ብርድ፣ አንድ ጠዋት፣ ጨው ላወርድ ከምድጃው በላይ ወዳለው መደርደሪያ ተንጠራራሁ። በአንድ እጄ ዕቃ ሳተራምስ የሚያርር ነገር ሸተተኝ። ፉሉ አረረ ብዬ ጎንበስ ስል እትዬ ዘነበች ጮኹ።

"ክንድሽ! አንቺ ልጅ፣ ክንድሽ!"

ግራ ክንዴ የጋለው ድስት ከንፈር ላይ ተጋድሟል። የሚሸተው እኔ ነበርኩ።

ቆዳዬ ተልጦ አየሁት እንጂ ምንም አልተሰማኝም። እሳቸው ቅባት ፍለጋ ሲራወጡ እኔ ቆሜ ክንዴን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አየዋለሁ። "አላመመሽም?" ሲሉኝ "አሞኛል" አልኩ።

ቤት ስገባ በሩን ዘግቼ የእህቴን የልብስ መርፌ አነሳሁ። ፈዛዛው ቦታ ላይ ወጋሁት። ደም ጠብ አለ፤ ሕመም የለም። ጤነኛው ላይ ስወጋ ዘለልኩ። እንደገና ወደ ፈዛዛው ተመለስኩ፤ እንደገና ምንም።

አገር ቤት፣ ከመንደራችን ዳር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ጣቶቻቸው አልቀዋል። ምግባቸው በተለየ ሳህን ከደጅ ይቀመጥላቸዋል፤ እኛ ልጆች በዚያ በኩል ከተገኘን እንገረፋለን። የበሽታቸውን ስም ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጠሩት። ሥጋ ደዌ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሜላትን መንካት ፈራሁ። መሬት አንጥፌ ለብቻዬ ተኛሁ፣ ብርጭቆዬን ለየሁ። ፀጉሯን እንድሠራት ስትመጣ "ሂጂ ወደ እናትሽ!" ብዬ ጮህኩባት። በሩ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ እየሰማሁ አልወጣሁም።

ብርሃኔ ከሥራ ስትመለስ ነገሩ አልዋጥ አላት። "ልጄ ምን አደረገችሽ?"

"እታለም፣ አትቅረቢኝ" አልኳትና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። መርፌውንም ነገርኳት።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ መልሳ መጣችና እጄን ያዘችው። በሹክሹክታ "ሜላትም ትከሻዋ ላይ አለባት" አለችኝ። "ሳጥባት አይቻለሁ። ቋቁቻ መስሎኝ…"

ሁለታችንም ልጅቷን ቀና ብለን ማየት አልቻልንም።

"ለግቢው ሰው ትንፍሽ እንዳትይ፤ ከቤት ያስወጡናል። ነገ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ እንሄዳለን" አለች ብርሃኔ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለችን ጎልማሳ ነርስ ነበረች። "ዓይንሽን ጨፍኚ" አለችኝ። "በጥጥ ስነካሽ፣ የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ።" መዳፌን ነካችኝ፣ አሳየሁ። አንገቴን፣ አሳየሁ። ከዚያ ጸጥ አለች። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ምንም የለም። "ሲስተር፣ ጨረሱ?" ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ ፈዛዛው ክንዴ ላይ ነበር።

ክርኔ ሥር ነርቩ አብጦ እንደሆነ በጣቷ ዳብሳ፣ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። "ሥጋ ደዌ ነው። ስሚኝ፤ ይድናል።"

የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። "ጣቶቼስ?"

"ጣት የሚበላ በሽታ አይደለም። ከቆዳ ሥር ያለውን ነርቭ ነው የሚያደነዝዘው። ሰው ስሜት ሲያጣ ሳያውቀው ይቃጠላል፣ ይቆስላል፤ ጣት የሚጠፋው በዚያ ነው። አንቺ በጊዜ መጥተሻል። መድኃኒቱን ከጀመርሽ ደግሞ ለሰው አታስተላልፊም። አሁን ልጅቷን አምጧት።"

ብርሃኔ የሜላትን ሹራብ አወለቀች። ምልክቱን አየሁት፤ የእኔኑ ይመስላል። ሜላት ዓይኗን ጨፈነች። ጥጡ ወደ ትከሻዋ ተጠጋ።

"ይኮረኩረኛል!" ብላ ሳቀች።

ነርሷ እዚያው ቦታ ላይ ደገመችው። ሜላት ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ ተንከተከተች።

"ይኼ ቋቁቻ ነው" አለች ነርሷ። "ቅባት እሰጣችኋለሁ።"

እህቴ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሜላት ደነገጠችና ሳቋን አቆመች።

መድኃኒቱን ለወራት ዋጥኩ። መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላ ነርሷ አስቀድማ ብትነግረኝም በመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ቀልቶ ሳየው ጮኼ ግቢውን ልቀሰቅስ ነበር። ምልክቱ ቀስ በቀስ ከሰመ። ጠባሳው ቀርቷል፤ ዙሪያውም ዛሬ ድረስ ደንዛዛ ስለሆነ ምድጃ አጠገብ ስቆም ያንን ክንዴን በዓይኔ እጠብቀዋለሁ።

ዕድሜ ሲገፋ የፍርሃት መልክ ይለወጣል። ድስቱንና መርፌውን ዛሬ ያለ ጭንቀት አስታውሳቸዋለሁ። ያቺ የእህቴ አንድ እርምጃ ግን አሁንም ታባንነኛለች፤ መልሳ ባትመጣ ኖሮ ብዬ። እኔና እሷ አንስተናት አናውቅም።

ትናንት ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆረጥኩ። አንገበገበኝ። ልጄ ፕላስተር ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ እኔ "ቆይ" አልኩት፤ ትንሽ ቆሜ ሕመሙን አዳመጥኩት።