እማዬ በስልክ የምትጠይቀኝ ጥያቄ

ከአሰላ የወጣሁበት ምሽት ጉሙ ደጃፋችን ድረስ ወርዶ ነበር፤ የሚሸኘኝ ሰው ሁሉ በህልሜ የማየው መስሎኝ ነበር። እማዬ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች። የአጎቴ ልጅ ከድር ደግሞ ፓስፖርቴንና ቲኬቴን ዘርግቶ ፎቶ አነሳና «ወንድማችን ሊበር ነው፣ አልሃምዱሊላህ!» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ደስ ብሎት ነው፣ ምን ልበለው?

አዳማ ሳንደርስ እማዬ ደወለች። አንድ ሰው ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ፣ «ልጅዎ ኤርፖርት ተይዟል፤ አሁን ስልክዎ ላይ የሚገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ብሏታል። ኤርፖርት? እኔ ገና አዳማ አልገባሁ! ቁጥሩ የባንክ ሒሳቧን የሚከፍት ነው። መነጽሯ ጠፍቶባት እንጂ ልታነብለት ነበር። ወይ ጉድ!

እዚያው መኪና ውስጥ ሆኜ አስማልኳት። «እማ፣ የሚስጥር ቁጥር ለማንም፣ ለእኔም አይነበብም። በማታውቂው ስልክ ልጅሽ ነኝ የሚል ቢመጣ ደግሞ፣ ዘንድሮ ድምፅም በኮምፒውተር እየተመሰለ ይሰረቃል፣ እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀውን ጠይቂው። ከተሳሳተ ዝጊበት፤ ደግሞ ቢደውል አታንሺ።»

አሁን ያለሁት ኖርዌይ፣ በርገን ነው። የአሰላን ሐምሌ ዓመቱን ሙሉ ዘርጉት፣ እሱ ነው በርገን። ገንፎ አላቸው፤ ግን ስኳርና ቀረፋ ይነሰንሱበታል። ቅቤና በርበሬ ለለመደ አርሲ ይህ ግፍ ነው።

አከራዬ ሽማግሌ ናቸው።

«የፓስፖርትህን ፎቶ በዋትስአፕ ላክልኝ» አሉኝ።

«እሺ። የዋይፋዩን ፓስወርድ ይሰጡኛል?»

«እሱማ የግል ነው!»

የኔ ፓስፖርት የሰፈር ነው እንዴ? ቁጥሩን ሸፍኜ፣ በላዩ ላይ «ለቤት ኪራይ ብቻ» ብዬ ጽፌ ላክሁላቸው። እናንተም እንዲህ አድርጉ። አንዱን ፓስወርድ ለሁሉም አታድርጉ፣ ያላችሁበትን ቦታ ለዓለም አታሳዩ፣ ቲኬት አትለጥፉ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ናት፤ አንድ ሌባ በኔ ስም ያታልላታል ብዬ እንቅልፍ የለኝም።

ባለፈው እሑድ ስልኬ ዝናብ ገብቶበት ሞተ። በጓደኛዬ ስልክ ደወልኩላት።

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ ጀማል።»

«ድምፅ ይሰረቃል ተብያለሁ። ከመኝታ ቤቴ መስኮት ምን ይታያል?»

እዚያ መስኮት ሥር አይደል ያደግኩት! ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጉሙ ቀስ እያለ ተገለጠ፣ የማለዳ ፀሐይ ወጣች፣ ሰማያዊው ተራራ ፊቴ ቆመ።

«ጭላሎ!» አልኳት።



«ጭላሎንማ የአሰላ ሌባ ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ ብትሆን ታውቅ ነበር፤ በየሳምንቱ እነግረዋለሁ» አለችና ዘጋችው።

ፎቁ! ጎረቤታችን የሚያሠራው ፎቅ ተራራውን እንደጋረደባት፣ ቤቱ እንደጨለመባት በየእሑዱ ስትነግረኝ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፤ ሐሳቤ ግን ጭላሎ ላይ ነበር። ፎቁን ልነግራት ደግሜ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ። አላነሳችም።