የእጄ ምልክት ያለበት ግድግዳ

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴንም ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ግቢያችን ውስጥ እርጥብ ጭቃና ጭድ ሲሸተኝ ደስታ አላስቀምጥ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ከወሎ ወደ ሮቤ መጥተን የተከራየንበት ቤት አከራይ፣ ልጅ ግድግዳ ሲነካ አይወዱም ነበር። «እጅ!» ብለው ሲቆጡኝ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መቆም ለመድኩ። በኋላ አባቴ ትንሽ ቦታ አገኘ፤ ጎረቤቶቻችንም ያለ ምንም ክፍያ በደቦ ቤት ሊሠሩልን ተነሡ። ወንዶቹ እየዘፈኑ ጭቃውን በእግራቸው ያቦካሉ፣ ሴቶቹ ይመርጋሉ፣ እናቴ ውሃ ታመላልሳለች። እኔ ብቻ እጄን አጣምሬ ቆሜአለሁ።

ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ አዩኝና ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ጠሩኝ።

«ኮቱ፣ ነይ እንጂ! ምን ያስቆምሻል?»

«አከራይዋ ይቆጡኛል» አልኩ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው እርጥቡ ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

«ይሄ ቤት አከራይ የለውም፤ ባለቤቱ አንቺ ነሽ! እጅሽ ያላረፈበት ቤት ደግሞ አያውቅሽም» አሉኝ።

ቤት ሰውን እንዴት እንደሚያውቅ አልገባኝም። ግን ቀዝቃዛው ጭቃ በጣቶቼ መሃል ሲወጣ ከደስታ ብዛት ጮህኩ።

ዛሬ ያው ግድግዳ እንደገና እየተመረገ ነው። ያኔ የቀረችው ያቺ ትንሽ የእጄ ምልክት ልትሸፈን ስትል ከበሩ ኋላ ቆሜ አያለሁ። እናቴ ዞር ብላ ጠራችኝ።

«ምን ያሽኮረምምሻል? ጭቃው ሳይደርቅ ነይ፤ አሁን ደግሞ ትልቋን እጅሽን አሳርፊበት!»